ሳትሄድ የተሸኘች

ሺያመን፣ ቻይና፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1998

ውድ ማናንግ ሉዝ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጄ ማይሊንዬስ? ወገብሽስ ተሻለው? እኔ የአገራችን የሃሮዋ እመቤታችን ትመስገን ደህና ነኝ። መልስ ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። ማታ ማታ ሆቴሉ ውስጥ ስዘፍን፣ ቀን ቀን ስተኛ፣ ሳምንቱ በየት በኩል እንደሚያልቅ አላውቅም። ታላቅ እህት ይቅር ማለት አያቅታትም ብዬ ነው።

አዎ፣ የገና ስጦታውን ሳጥን ልኬያለሁ። «ለገና ገና ነው፣ ምን አጣደፈሽ?» ላልሽኝ፣ አምና ሳጥኑ በፋሲካ ደርሶ ሳሙናውና ቸኮላቱ ተጋብተው እንደነበር ረሳሽው? ዘንድሮ ትልቁን ሳጥን ነው የገዛሁት። ደጃፌ ላይ አቁሜው ሳምንቱን ሙሉ ኮሪደሩን ዘግቼ ስሞላ ከጎረቤት ያላየው የለም። የድሮ የመድረክ ቀሚሶቼንም ጨምሬበታለሁ፤ ቁረጪና ለማይሊን ስፊላት። አሮጌውን ማራገቢያ ደግሞ ለማኖንግ ሩኤል፣ ለጊታር መቺያችን ሰጠሁት። አዲስ ገዝቻለሁ፣ የእሱ ክፍል ደግሞ ምድጃ ነው።

ስለ ውሉ የጠየቅሽኝ፣ በኦክቶበር መጨረሻ ያልቃል። የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ኬን «ይታደስልኛል ወይ?» ብዬው «እናያለን» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው። እዚህ አገር ሰው ፈገግ ብሎ «እናያለን» ካለ አይቶ ጨርሷል ማለት ነው፤ ኮስተር ብሎ ሲለው ነው የሚያስፈራው። ስለዚህ አንቺ አትጨነቂ፣ እኔ ለሁለታችንም እየተጨነቅሁ ነው።

ውሉ ከታደሰ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ይታደሳል፤ ያኔ እንደተነጋገርነው ማይሊንን በማርች አመጣታለሁ። ካልታደሰ ነገሩ ሁሉ ገደል ገባ። አራት ዓመት ሙሉ በስልክ ነው ያሳደግኳት። ባለፈው ስደውል «አክስቴ» ብላኝ ቶሎ ብላ አረመችው። ስቄ አለፍኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አልሳቅኩም።

እሑድ እሑድ እንደ ወትሮው እንደ ታላቅ እህት በምናያት በማናንግ ፕሬሲ ቤት ነን። ባሏ ወደብ ላይ መሐንዲስ ስለሆነ ሳሎናቸው ሰፊ ነው፤ ለኛ ለፊሊፒኖቹ ቤተ ክርስቲያናችንም እድራችንም እዚያው ነው። ሥራ የፈለገ ሥራ፣ ቤት የፈለገ ቤት፣ ሐሜት የጠማውም ሐሜቱን የሚያገኘው ከዚያ ነው። የአገር ልጅ ናትና ሁልጊዜ ስላንቺ ትጠይቀኛለች፤ አድራሻሽንም ሰጥቻታለሁ።

ስለ ማርች ምንም አልጻፍሽልኝም። ጻፊልኝ።

ታናሽሽ ዲቪና


ኢሎይሎ፣ ፊሊፒንስ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1998

ኢንዳይ፣

ታናሼ፣ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ወገቤን ተይው፤ ልብስ ሰፊ ወገብ የለውም።

ትምህርቷ እንዴት ነው ላልሽኝ፣ ሒሳብ ላይ ሰነፍ፣ ምላስ ላይ አንደኛ ናት። በማን እንደወጣች አንቺ ታውቂያለሽ። ትበላለች። ቁመቷ ጨምሮ የአምናው ዩኒፎርም አልበቃ ብሏት ጫፉን ለቅቄላታለሁ። ለብቻዋ ትተኛለች ወይ ላልሽኝ፣ አትተኛም፤ እኔ ጋ ነው የምትተኛው። ነጎድጓድ ትፈራለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረግ።

«እናያለን» የሚባል ነገር አልወድም። ሰውዬሽ በጽሑፍ ይስጥሽ። ፈገግታ ማኅተም የለውም።

ስለ ማርች በማርች እንነጋገራለን።

ሉዝ


ሺያመን፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1998

ማናንግ፣

ለዛሬ ሰላምታውን በአጭሩ ተቀበይኝ፤ ደህና አይደለሁም። አልታመምኩም፣ እንዳትደነግጪ። ተሸኘሁ።

እሑድ ዕለት የጨረቃ በዓል ዋዜማ ነበር። የዚህ ከተማ ሰው በዚያ በዓል ዳይስ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እየወረወረ ኬክ ለማሸነፍ ይጫወታል፤ እኛም ለምደነዋል። እንደ ልማዴ አርፍጄ ማናንግ ፕሬሲ ቤት ደረስኩ። በሩን ስገፋ ቤቱ ጨለማ ነው። ከዚያ መብራቱ ቦግ ሲል ሁሉም በአንድ አፍ ጮኹ። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ዲቪና፣ አገርሽ በሰላም ግቢ» የሚል ተለጥፏል። ሌላ ዲቪና የመጣች መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ። ሌላ ዲቪና የለችም።

ሳጥኑን አይተዋላ! ማራገቢያውንም ሰጥቻለሁ። እዚህ ሰው ትልቅ ሳጥን ሞልቶ ማራገቢያውን ከሰጠ አገሩ ሊገባ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ቀርቦ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። ማናንግ ፕሬሲ «ይሉኝታ ይዟት ነው እንጂ ትሄዳለች፤ እስክትነግረን ከጠበቅን ሳንሸኛት ታመልጠናለች» ብላ ቆረጠች።

ያኔውኑ «ኧረ እኔ የትም አልሄድም!» ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ማናንግ ፕሬሲ ከጠዋት ጀምሮ የአገራችንን ኑድል፣ ፓንሲት ስትሠራ፣ ኬክ ስትጋግር ውላ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ አቀፈችኝ። በዚህ ላይ «ተሳስታችኋል» ልበላት? በሰው ሁሉ ፊት?

ይባስ ብሎ ሚስተር ኬ ከነባለቤቱ ተጋብዟል። ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ። «ሚስ ዲቪና ራሷ ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ ግን ቅር አላለኝም። መናገሩ እንዳይከብዳት ብዬ ቀድሜ ሌላ ዘፋኝ ፈልጌያለሁ። ትናንት ፈርማለች። በሰላም ግቢ» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ! ሥራዬን ስነጠቅ አጨበጨብኩ ማናንግ! እሱ በባለቤቱና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናግሮ ካበቃ በኋላ፣ ውሸት ነው ብዬ ብነግረው ምን ሊሆን ነው? እንዴት አድርጌ ላዋርደው?

«ንግግር! ንግግር!» አሉኝ። «አልረሳችሁም» ብዬ ሌላው ቃል ጠፋኝና ተንሰቀሰቅሁ። በፍቅር ያለቀስኩ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ። ማኖንግ ሩኤል «ማራገቢያዋን በከፈትኩ ቁጥር አንቺን ነው የማስታውሰው» አለኝ። ዳይሱ ሲወረወር ደግሞ ትልቁ ኬክ ለእኔ ወጣ። «አያችሁ? ዕድለኛ ናት፣ መንገዷ የቀና ነው» ተባለ።

ማናንግ፣ ምን ላድርግ? ለማይሊን ምን እላታለሁ?

ዲቪና


ኢሎይሎ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1998

ኢንዳይ፣

እና ኬኩን በላሽው?

ሦስቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቅሁ፣ ይቅር ይበለኝ። በሁለተኛው ልሳደብ አሰኘኝ። በሦስተኛው ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሰው በቁሙ ተዝካሩን ይበላል? ለመሆኑ እግዜር አፍ የሰጠሽ ለዘፈን ብቻ ነው? ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው የሥራ ውል አልነበረውም።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ተነሥተሽ ሂጂና ንገሪያቸው። አንድ ቀን ታፍሪያለሽ፣ አንድ ሳምንት ይስቁብሻል፣ ከዚያ ያልፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

እንቢ ካሉሽም ደግሞ ቤትሽ ቤትሽ ነው። ወደ ቤት መመለስ ሞት አይደለም። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው።

ለማይሊን ምንም አልነገርኳትም። ጠይቃኝ ነበር።

ሉዝ


ጂሜይ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1998

ውድ ማናንግ፣

አድራሻዬ ተቀይሯል፤ በአዲሱ ጻፊልኝ። ያስቆየሁሽ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጨንቆኝ ነው።

አልነገርኳቸውም። ቆይ አትቆጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢ። በሚቀጥለው እሑድ እነግራቸዋለሁ ብዬ ደረጃውን ወጥቼ በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ከውስጥ ሳቃቸውን ስሰማ ተመለስኩ። ከዚያ «መቼ ነው በረራሽ?» ሲሉኝ አፌ በራሱ «በወሩ መጨረሻ» አለ። ማኖንግ ሩኤል ደግሞ ካልሸኘሁሽ ብሎ ድርቅ አለ። አየር ማረፊያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ አደረሰኝ፤ እንደ ወንድም ግንባሬን ስሞ «ጻፊልን» አለኝ። ገብቼ መጸዳጃ ቤት ተቀምጬ ቆየሁ። ከዚያ በሌላ በር ወጣሁና ከሺያመን ደሴት በአውቶቡስ ድልድዩን ተሻግሬ እዚህ ጂሜይ መጣሁ። አንዲት ደግ አሮጊት ክፍል አከራይታኛለች።

ሥራ አገኘሽ ወይ ትይኛለሽ። ሥራ የሚገኘው ከማናንግ ፕሬሲ ሳሎን ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያ የለሁም። እኔ ኢሎይሎ ነኝ! በየሆቴሉ እየዞርኩ ልጠይቅ ብል የኛ ሰው የማይጫወትበት ሆቴል የለም። ፈቃዴ ጃንዋሪ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የማርች ነገር አለቀለት።

ጎዳና ላይ ስሄድ የአገራችንን ቋንቋ ታጋሎግን ከሰማሁ ሱቅ ውስጥ እገባለሁ። ባለፈው እንደዚህ ስደበቅ የመኪና ጎማ መሸጫ ገብቼ ባለሱቁ ስንት ልስጥሽ አለኝ። ድምፅ አውጥቼ መዝፈን እንኳ ትቻለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ማን እንደሚሰማ አይታወቅም። ይኸውልሽ፣ ሐሙስ ዕለት አውቶቡስ ውስጥ ማኖንግ ሩኤል ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ክው አልኩ! ደግነቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እስኪወርድ ድረስ ውጭ ውጭውን ሲያይ ነበር። አንዴም ዞር አላለም። እግዜር አወጣኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ማናንግ ፕሬሲ መጻፏ አይቀርም። ከጻፈች «ደርሳለች» በያት። በዚህ ዕድሜሽ ውሸት አስተማርኩሽ፤ ይቅር በይኝ።

ዲቪና


ኢሎይሎ፣ ኖቬምበር 26 ቀን 1998

ኢንዳይ፣

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ቀድጄ፣ እንደገና ጽፌ ቀድጃለሁ። ይሄኛውን አልቀድም።

ፕሬሲ ጽፋልኛለች። «ደህና ገባች ወይ? አንድ መስመር አልጻፈችልንም፣ ሁላችንም አስበናል» ትላለች። «ገብታለች፣ ታመሰግናችኋለች» ብዬ መለስኩላት። እንዳልሽኝ አደረግሁ።

ሌላም ነገር ጠይቃኛለች። ደሴቲቱ ላይ የውጭ ሰዎች ልጆች የሚማሩበት አንድ መዋዕለ ሕፃናት መዝሙር የምታስተምር ሴት ይፈልጋል። የመኖሪያ ፈቃዱንም እነሱ ናቸው የሚያወጡት። «ዲቪና መመለስ ከፈለገች እንለምንላታለን፤ ካልፈለገች ቁርጡን ንገሪን» ብላኛለች። ለዚህ አልመለስኩላትም።

«ገብታለች» ካልኩ በኋላ ምን ይባላል ብዬ ለራሴ ስነግረው ሰነበትኩ። ውሸቴን ነው። በማይሊን ምክንያት ነው። ስትሄጂ አምስት ዓመቷ ነበር። አሁን ነጎድጓድ ሲመጣ የምትይዘው የኔን እጅ ነው። አንቺ ሥራ አጥተሽ ብትመለሺ ሦስታችን አንድ ቤት እንሆናለን ብዬ ተመኘሁ። እህቴ ሥራ እንድታጣ ተመኘሁ፤ ይኸው ተናገርኩት። ማርች ሲመጣ ምን እንደምሆን አላውቅም። ስለ ማርች በጠየቅሽኝ ቁጥር ሌላ ሌላውን የማወራሽ ለዚያ ነው።

ስደቢኝ፣ ግን መጀመሪያ ሂጂ። ቦታው ካልሞላ ዛሬውኑ ሂጂ።

ሉዝ


ጂሜይ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1998

ማናንግ ሉዝ፣

ተናድጄብሻለሁ። እንዳትሸነግይኝ፤ ገና አልበረደልኝም። ደብዳቤሽን አንብቤ ቦርሳዬን አንሥቼ ወረወርኩት። ከዚያ አነሣሁትና እሑድ ዕለት ይዤው ሄድኩ።

በሩን የከፈተልኝ ማኖንግ ሩኤል ነው። ዓይኑ ፈጠጠ፤ ወዲያው ግን ጥርሱን ገልጦ «ኧረ እንኳን ደህና መጣሽ! ጉዞ እንዴት ነበር? የኢሎይሎ ሙቀት እንዴት ይዞሻል?» አለኝ።

ከውስጥም ተቀበሉት። «ዲቪና መጣች!» «ቤተሰብ ሁሉ ሰላም?» «ለኛ የታለ? የደረቀ ማንጎ እንኳ ሳትይዢ?»

መውጫ ከፈቱልኝ ማናንግ። «ሙቀቱስ አይጣል ነው» ብል አበቃ፤ ቁጭ ብዬ ፓንሲቴን እበላ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማይሊን ትዝ አለችኝ፣ «አክስቴ» ያለችኝ።

«አልሄድኩም» አልኩ።

«እ?»

«የትም አልሄድኩም። ጂሜይ ነው ያለሁት። ሳጥኑ የገና ሳጥን ነበር። ማራገቢያውን የሰጠሁት አዲስ ስለገዛሁ ነው። ኬኩን ዝም ብዬ ነው የበላሁባችሁ።»

ወጥ ቤት የሩዝ ማብሰያው ብቻ ይንተከተካል።

«እናውቃለን እኮ» አለ ማኖንግ ሩኤል ዝግ ብሎ። «አውቶቡስ ውስጥ አንገቴ እስኪደርቅ መስኮት ያየሁት ሕንጻ ልቆጥር መሰለሽ?»

«እኔ ዓሣ ገበያ አግኝቼሻለሁ» አለች ሚስቱ። «ስትከራከሪ ድምፅሽ ከወዲያ ማዶ ይሰማል። እንዳታፍሪ ብዬ ዓሣዬን ሳልገዛ ተመለስኩ። የዚያን ቀን እንቁላል ነው የበላነው።»

«እኔ ደግሞ ወንድ ይዛ ነው የተደበቀችው ብዬ ነበር» አለች አንዷ፣ ቅር ብሏት።

ሳቁ፤ እኔም መሳቅ ጀመርኩ። ማናንግ ፕሬሲ ግን አልሳቀችም። ማማሰያዋን እንደያዘች መጥታ ፊቴ ቆመች። «መንገዷን አቅናላት ብዬ ስምሽን እየጠራሁ ጸልያለሁ። ባሌ ድልድዩ ላይ አይቻታለሁ ሲለኝ ጂሜይ መጥቼ በርሽን ማንኳኳት አፈርኩ። እውነቱን ትነግረኛለች ብዬ ለእህትሽ ጻፍኩ፤ እሷም ገብታለች አለችኝ! አንቺ አትናገሪ፣ እህትሽ አትናገር፣ ታዲያ ከማን አፍ ልስማ?»

እኔም ደሜ ፈላ። «አንቺስ? ኬኩን ከመጋገርሽ በፊት አንዲት ቃል ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? ከነሥራዬ ነው እኮ የሸኘሽኝ!»

እሷ ደግሞ «ይሉኝታ ይዞኝ ነዋ!» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ስትስቅ ማማሰያው ከእጇ ወደቀ፤ ከዚያ ሁለታችንም ተቃቅፈን አለቀስን። የዛሬው ለቅሶ የእውነት ነበር።

የመዋዕለ ሕፃናቱ ቦታ አልሞላም ነበር። ማክሰኞ ዕለት ራሷ ይዛኝ ሄደች። ርዕሰ መምህሯ «ዝፈኚ» ስትለኝ ድምፄ አልወጣም፤ ስንሾካሾክ ከርሜ የት ይምጣ? ማናንግ ፕሬሲ ከኋላዬ «እዚህ እኮ ማንም አያሳድድሽም» አለችኝ፤ ያኔ ወጣ። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ተቀጥሬያለሁ። ወረቀቴ ገብቷል።

እንግዲህ አንቺም እንደተናገርሽው እኔም ልናገር። ማይሊን በማርች ትመጣለች። ልጄ ናት። ክፍሌ አንድ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ግን መስኮት አለው። አንቺን እንደሚጎዳሽ አውቃለሁ፤ አላውቅም ብዬ አልዋሽሽም። ቢሆንም ትመጣለች።

ንዴቴ ሲበርድልኝ እጽፍልሻለሁ።

ዲቪና


ኢሎይሎ፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1999

ኢንዳይ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ከልቤ እስክለው ድረስ ስጠብቅ ነው መልሴ የዘገየው። አሁን ከልቤ ነው።

ለማይሊን ነገርኳት። ጮኸች፣ ዘለለች፣ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ከዚያ ቆም ብላ «አንቺስ?» አለችኝ። «እኔማ ስፌቴ አለልኝ፣ ደንበኞቼን ለማን ጥዬ» አልኳት። እሺ ብላ ሄደች። ልጅ ናት፣ አመነችኝ።

ፓስፖርቷን አውጥቻለሁ። ሹራብ እየሠራሁላት ነው፤ እዚያ በማርች ይበርዳል ብለሻልና። ነጎድጓድ ሲሆን ጀርባዋን ማሸት እንጂ መናገር አያስፈልግም፤ ብታናግሪያት ይብስባታል። ዓሣ ላይ አጥንቱን ራሷ አታወጣም፤ አታውጪላት፣ ትልመድ። እኔ እያወጣሁላት ነው ያበላሸኋት።

ኢንዳይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲለምነኝ እንጂ ስለምን አታውቂኝም። አባታችን ሲሞት አንቺን አሳደግሁ፣ ከዚያ ልጅሽን አሳደግሁ። ማንንም ይህን ስጠኝ ብዬ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚባልም አላውቅበትም። ብዕሩን ከወረቀቱ ሳላነሣ ልበለውና ይውጣልኝ።

እኔም ልምጣ?

ወለል ላይ እተኛለሁ። የቻይኖቹን ቋንቋ አላውቅም፣ መዝፈንም አልችልም፤ መርፌና ክር ግን የትም አገር አንድ ነው። ለዘለቄታው አይደለም፤ ልጅቷ እስክትለምድ፣ እኔም እስክለምድ ነው። አይሆንም ካልሽ አይሆንም በይኝ፤ አልሞትም፣ ማይሊንንም በቀኗ እልክልሻለሁ። ብቻ ይሉኝታ ይዞሽ እሺ እንዳትዪኝ።

ሉዝ